ክረምት ላይ ከሰባት ሰዓት በፊት ተመለሱ

ሰኔ ከገባ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። "ዛሬ ይዘንባል እንዴ?" ልብስ ያጠበች ጎረቤት ትጠይቀኛለች። በርበሬ ያሰጣችውም ትጠይቀኛለች። ሥራዬን ስለሚያውቁ ነው። የበረራ ዲስፓቸር ነኝ። ትናንሽ አውሮፕላኖች ከቦሌ ተነስተው ጂንካ፣ ጋምቤላ፣ ላሊበላ ደርሰው እንዲመለሱ ዕቅድ አወጣለሁ። መንገዱን፣ ነዳጁን፣ ጭነቱን አሰላለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አየሩን አያለሁ።

ለጎረቤቶቼ "ይዘንባል፣ አስገቡት" ብዬ አልፋለሁ። ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብዙም አይሳሳትም። ለበረራ ግን ይህ መልስ አይረባም። ዝናብ ብቻውን በረራ አያስቀርም። ማወቅ የምፈልገው ምን ዓይነት ደመና እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ ከመሬት ስንት ጫማ ላይ እንደሆነ ነው። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ አለ። መጥቶ ቢዘጋብኝስ ወዴት ነው የምሄደው? እኔ ትንበያ የማነበው ለዚህች ጥያቄ መልስ ይዤ ለመቀመጥ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዘንድሮ የፓይለትነት ትምህርት ጀምራለች። በቀደም አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

"ጋሼ፣ ይኸው አፑ 40 ፐርሰንት ይላል። 60 ፐርሰንቱ አይዘንብም ማለት አይደል? ታዲያ ይበረራል።"

"የት ነው 40 ፐርሰንት የሚዘንበው?" አልኳት።

"አዲስ አበባ ነዋ!"

"አዲስ አበባ የቱ ጋ?"

ዝም አለች። ጥያቄው ግን እሷን ለማጥመድ አልነበረም። አብዛኞቹ የስልክ አፖች ቁጥራቸውን የሚያመጡት ዓለምን በሙሉ ከሚያሰሉ ሞዴሎች ነው። እነዚህ ሞዴሎች ምድርን በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፍሏታል። በጥራቱ የታወቀው የአውሮፓውያን ሞዴል የአንዱ ሳጥን ስፋት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ማኮብኮቢያ እስከ እንጦጦ ማርያም ደግሞ በቀጥታ መስመር ቢለካ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ለሞዴሉ ቦሌና እንጦጦ አንድ ሳጥን ናቸው፣ ቢበዛ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሳጥኖች ናቸው። የተራራውን ቁልቁለት በደንብ አያየውም። እኛ ግን ፒያሳ በረዶ ሲያወርድ ቦሌ ፀሐይ እንደሚሆን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የአፑ 40 ፐርሰንት ጃንጥላ ለመያዝ ይበቃል። አውሮፕላን ለማንሳት አይበቃም።

ለኔ የመጀመሪያው መሣሪያ እንጦጦ ራሱ ነው። ጠዋት ከቤት እንደወጣሁ ወደ ሰሜን ቀና ብዬ አያለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 870 ሜትር ነው፤ በአብራሪዎች መለኪያ ወደ 2,850 ጫማ። የአየር ማረፊያ ሪፖርት የደመናን ከፍታ የሚቆጥረው ደግሞ ከማረፊያው መሬት ተነስቶ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ "ደመናው 2,000 ጫማ ላይ ሰማዩን ሸፍኗል" ካለ፣ የእንጦጦ ጫፍ ደመናው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በተቃራኒው የተራራው ጫፍና ባሕር ዛፉ ጥርት ብሎ ከታየኝ፣ በዚያ በኩል የደመናው ወለል ከቦሌ ቢያንስ 2,800 ጫማ ከፍ ብሏል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የረር አለ፣ እሱም 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከታዩ ጠዋቱ ደህና ነው።

ይህ ሪፖርቱን አይተካም። ሪፖርቱን ሳነብ ግን ቁጥሩ ምን እንደሚመስል ዓይኔ ላይ ይመጣል። አዲስ ተማሪዎች 2,000 ጫማ ሲባል ብዙ ቦታ ያለ ይመስላቸዋል። ሜዳ አገር ላይ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ደመናው ውስጥ ተራራ አለ።

አሁን ወደ ርዕሱ ልግባ። ለምንድን ነው ከሰባት ሰዓት በፊት የምለው?

ክረምት ላይ ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ አየር ይመጣል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ይሞቃል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ተራራው ደግሞ ይገፋዋል። አምስት ስድስት ሰዓት ላይ እንጦጦ አናት ላይ አበባ ጎመን የመሰለ ነጭ ደመና ታያላችሁ። ያምራል። ፎቶ የሚያነሱት ብዙ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ሰዓት መቁጠር እጀምራለሁ። ጠርዙ ጥርት ያለና የሚንቀለቀል ከሆነ እያደገ ነው። ጫፉ መደብዘዝና መበተን፣ ወደ ጎን መዘርጋት ሲጀምር ውስጡ በረዶ ሆኗል። ይህ ሙያው ኩሙሎኒምበስ የሚለው፣ እኛ በአጭሩ ሲቢ የምንለው ነው። ከትንሽ ደመና ተነስቶ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሊበቃው ይችላል። አንዱ ነጠላ ሲቢ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ኖሮ ይሞታል። ችግሩ ሲሞት ጎኑ ያለውን ሌላ ያስነሳል። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ የሚያጉረመርመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲቢ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ኃይለኛ መናወጥ አለ፣ መብረቅ አለ፣ በረዶ አለ፣ ክንፍ ላይ የሚጋገር በረዶ አለ። በረዶውን በተመለከተ የእኛ ከተማ የራሷ ጠባይ አላት። በምድር ወገብ አካባቢ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል 4,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠረፍ ላይ ላለ ከተማ ይህ በጣም ሩቅ ነው። ከቦሌ ሲቆጠር ግን 2,500 ሜትር ብቻ ነው። ከደመናው የሚወርደው በረዶ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም፣ እንዳለ ቆርቆሯችን ላይ ያርፋል። ለአብራሪውም ትርጉም አለው። ተራሮቹን ለማለፍ ወደ 15 እና 16 ሺህ ጫማ የወጣ ትንሽ አውሮፕላን ደመና ውስጥ ከገባ ክንፉ ላይ በረዶ ሊጋገር የሚችልበት ደረጃ ላይ ነው። "አፍሪካ ውስጥ ምን አይሲንግ አለ?" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህንን ቁጥር እነግረዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ነፋሱን ነው። አብራሪዎች ማይክሮበርስት ይሉታል። ትንሽ ቆም ብዬ ላስረዳው፣ ምክንያቱም ይህን የገባው ተማሪ ሌላውን ሁሉ በቀላሉ ይገባዋል።

ዝናቡና በረዶው ሲወርድ አየሩን ይዞት ይወርዳል። የዝናቡ ከፊሉ መንገድ ላይ ሲተን ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይበልጥ ይፈጥናል። መሬት ሲነካ መሄጃ ስለሌለው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። አሁን ለማረፍ እየወረደ ያለ አውሮፕላን በዚህ ውስጥ ሲያልፍ አስቡት። መጀመሪያ ነፋሱ ከፊት ይመጣበታል። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከፍ ከፍ ይላል። አብራሪው "ፈጠንኩ" ብሎ ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ወዲያው የሚወርደው አየር ወደ ታች ይጫነዋል። ከዚያ ነፋሱ ከኋላ ይሆናል፣ ክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር በድንገት ያንሳል። መሬቱ ቅርብ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንዶች ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1975 ኒው ዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ላይ የኢስተርን 66 በረራ ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጃፓን የተወለዱት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቴትሱያ ፉጂታ መረጃውን ፈትሸው ጥፋተኛው ይህ ወራጅ ነፋስ ነው አሉ። በጊዜው ያላመኗቸው የሙያው ሰዎች ነበሩ። ነሐሴ 1985 ዳላስ ላይ የዴልታ 191 በረራ በተመሳሳይ ነፋስ ሲወድቅ 137 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው ስልጠናው የተቀየረው፣ አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ማስጠንቀቂያ ግዴታ ወደ መሆን የሄደው። ዛሬ የምንማረው ሕግ በእነዚያ ሰዎች ሕይወት የተከፈለበት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ትንሽ ዝናብ ናት፣ እንግባ" ሲለኝ መቀለድ አልችልም።

በጉዞ ላይ ከኃይለኛ ሲቢ 20 ኖቲካል ማይል ራቁ ይባላል፣ 37 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በእኛ ከተማ ለኩት። ከእንጦጦ ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትር ማለት እስከ ዱከም ድረስ ነው። በሌላ አነጋገር እንጦጦ ላይ ኃይለኛ ሲቢ ከቆመ ፒያሳም፣ ካዛንቺስም፣ መስቀል አደባባይም፣ ቦሌም ክልሉ ውስጥ ናቸው። ማረፊያው አናት ላይ ደርሳችሁ ይህን ርቀት መጠበቅ አትችሉም። ያላችሁ አማራጭ መጠበቅ ወይም ሌላ ቦታ መሄድ ነው። ለሁለቱም ነዳጅ ያስፈልጋል። ነዳጅ ደግሞ የሚጫነው ጠዋት መሬት ላይ እያላችሁ ነው።

"ራዳር አለን አይደል?" ይላሉ ተማሪዎች። አለ፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን አውሮፕላን ላይ ያለው ራዳር የሚያየው የውሃ ጠብታን ነው፣ ደመናን አይደለም። ደረቅ በረዶን በደንብ አያሳይም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል። ስክሪኑ ላይ ኃይለኛውን ዝናብ ከሚያሳየው ቀይ ጀርባ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ባዶ ሰማይ ላይሆን ይችላል፤ ራዳሩ አልፎ ማየት ያልቻለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሁለት ቀያዮች መሃል ባለች ጥቁር ቀዳዳ ለመሹለክ ማሰብ ክልክል ነው።

ወደ ትንበያው ልመለስ። ለአብራሪ የሚሠራው ትንበያ ታፍ ይባላል። ለአንድ አየር ማረፊያ ብቻ ይወጣል። የእኛን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በየ6 ሰዓቱ ይታደሳል፣ ለ24 ወይም ለ30 ሰዓት ያገለግላል። አሁን ያለውን የሚናገረው ደግሞ ሜታር ነው፣ በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ ይወጣል። አደገኛ ነገር በመንገድ ላይ ካለ ሲግሜት የሚባል ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንፍታ፤ እዚህ ላይ አዲስ ሰው ሁሉ ይደናገራል። ታፍ የሚጻፈው በዙሉ ሰዓት ነው፣ በግሪንዊች ማለት ነው። በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥሩት ሦስት ደምሩ ይሏችኋል፤ ያ ለፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ሰዓት ማሰብ ከፈለጋችሁ ከዙሉ ላይ ሦስት ቀንሱ፣ በቃ። ዙሉ 6 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ዙሉ 12 ማለት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዙሉ 21 ሲቀነስ 18 ይሆናል፣ 12 ጣሉለት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። ቀኑም የፈረንጅ ነው። ሐምሌ 5 ላይ ታፉ 12 ብሎ ይጀምራል። ቀኑ የሚገለበጠው ደግሞ በዙሉ እኩለ ሌሊት ነው፣ በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሌሊት ፕላን የምትሠሩ ከሆነ ይህችን ልብ በሉ።

አሁን አንድ የተለመደ የክረምት መስመር እንውሰድ። "ከዙሉ 11 እስከ 15፣ ቴምፖ፣ ነጎድጓድና ዝናብ፣ እይታ 3,000 ሜትር፣ ሲቢ 2,500 ጫማ ላይ።" በእኛ ሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት። ቴምፖ ማለት ነገሩ ይመጣል ይሄዳል፣ አንዱ ምልልስ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፣ ድምሩም ከተሰጠው ጊዜ ግማሽ አይሞላም ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው ነዳጅ ነው። አየር ላይ ዞሮ ለመጠበቅ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ነዳጅ ካለን ነገሩ ሊያልፍልን ይችላል። "ቢካሚንግ" የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነው። መጥቶ ይቀመጣል ማለት ነው፣ መጠበቅ አያዋጣም። ያኔ ሰዓቱን እቀይራለሁ ወይም ሌላ ማረፊያ አስባለሁ።

"ፕሮብ 30" ደግሞ አለ፣ የመሆን ዕድሉ 30 ፐርሰንት ነው ማለት ነው። እንደ እህቴ ልጅ "70 ፐርሰንት ሰላም ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት። ትንበያ ሠሪው እዚህ ቦታ ላይ ሊጽፋቸው የሚችላቸው ቁጥሮች ሁለት ብቻ ናቸው፣ 30 እና 40። ከ30 በታች ከሆነ ጨርሶ አይጽፈውም። 50 ከደረሰ ደግሞ በፐርሰንት አይገለጽም፣ ቴምፖ ወይም ቢካሚንግ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ 30 ተብሎ ሲጻፍ ባለሙያው ሊተወው ይችል የነበረውን ነገር ሆን ብሎ ጽፎታል። እኔ አማራጭ ማረፊያ ሳልይዝ ፕሮብ 30 አይቼ አላልፍም።

"ቪሲ" የሚለው ምልክትም አለ። ከማረፊያው ከ8 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ባለው ዙሪያ ማለት ነው። እንጦጦ 12 ኪሎ ሜትር ነው ብያችኋለሁ። "ቪሲ ነጎድጓድ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ ራሴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

እንግዲህ ሰው "ጠዋት በማለዳ መነሳት ነዋ!" ሊል ይችላል። እሱም ገደብ አለው። ማታ ዘንቦ፣ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ ከሌለ ንጋት ላይ ጭጋግ ይተኛል። ሜታሩ ላይ ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም የአየሩ እርጥበት ወደ ጤዛ የሚለወጥበት ሙቀት፣ ተጠጋግተው፣ በመሃላቸው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ብቻ ሲቀር ማታውኑ ነገሩን አውቀዋለሁ። ነሐሴ ላይ ዝቅ ያለ ደመና እስከ ሦስት አራት ሰዓት ድረስ ማኮብኮቢያውን ሸፍኖ የሚቆይበት ቀን አለ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በመሣሪያ ይገባሉ ይወጣሉ። በዓይን እያየ ወደ ገጠር ሜዳ የሚሄድ ትንሽ አውሮፕላን ግን ይጠብቃል። የክረምት መስኮታችን ጠባብ ነው የምለው ለዚህ ነው። ጭጋጉ ከተነሳ በኋላ፣ ሲቢው ከመምጣቱ በፊት።

ገጠሩን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ የአፈር ማረፊያዎች ታፍም ሜታርም የላቸውም። ያለው ስልክ ነው። እዚህ ላይ አጠያየቅ ራሱ ሙያ ነው። "እንዴት ናችሁ? አየሩስ እንዴት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኑ" ነው። ሰውየው አልዋሸም። አውሮፕላኑ መድኃኒት ወይም ዘመድ ይዞለት ይመጣል፣ እንዲቀርበት አይፈልግም። ስለዚህ የሚታይ ነገር ነው የምጠይቀው። "በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ጫፉ ይታያል?" "ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ጣሪያው ይታይዎታል?" "ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል? በጫማ ሲረግጡት ይሰምጣል?" "ከብት ገብቷል?" "የነፋስ ከረጢቱ ወዴት ነው የዞረው? ተነፍቶ ቆሟል ወይስ ተንጠልጥሏል?" አንድ አባት አሉ፣ ማረፊያ ሜዳ ይጠብቃሉ። አሁን ሳልጠይቃቸው "ተራራው እስከ ወገቡ ነው የሚታየኝ ልጄ፣ ትንሽ ቆዩ" ይሉኛል። ለእኔ ይህ ከብዙ ወረቀት የበለጠ ዋጋ አለው። ምክንያቱም የተራራውን ከፍታ ካርታ ላይ አውቀዋለሁ። "እስከ ወገቡ" ሲሉኝ የደመናውን ወለል አስልቼ እጽፈዋለሁ።

ሳተላይትም እጠቀማለሁ። ሜቲዮሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች አፍሪካን በየ10 እና በየ15 ደቂቃው ፎቶ ያነሳሉ፣ ምስሉ በነጻ ይታያል። አንዱን ምስል ማየት ጥቅሙ ትንሽ ነው። የሁለት ሰዓት ምስሎችን በተከታታይ ስታዩ ነው የትኛው እያደገ፣ የትኛው እየሞተ፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚገባችሁ።

ከዚያ ነዳጅ። ሕጉ ዝቅተኛውን ያስቀምጣል። እስከ መዳረሻው የሚያደርስ፣ ላልታሰበ ነገር ተጨማሪ፣ ወደ አማራጭ ማረፊያ የሚወስድ፣ በመጨረሻም ፈጽሞ የማይነካ መጠባበቂያ። በመሣሪያ ለሚበር ተርባይን ሞተር ይህ መጠባበቂያ የ30 ደቂቃ ነው፣ ለፒስተን የ45 ደቂቃ ነው። የእኔ ጥያቄ አማራጩ የቱ ይሁን የሚለው ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ አውሮፕላን በክረምት ብዙ ጊዜ ድሬዳዋን እይዛለሁ። 340 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ካራቫን ለሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ሩቅ ናት። ግን 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሞቃትና ደረቅ ነች። የእኛ ሰማይ ሲዘጋ የእሷ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ባሕር ዳርም ርቀቷ ያው ነው፣ ግን በክረምት የራሷ ነጎድጓድ አላት። አማራጭ ማረፊያ በአንድ ደመና ሥር መሆን የለበትም።

የድሬዳዋን ነዳጅ መያዝ ደግሞ ክብደት ነው፣ ቦሌ ላይ ክብደት ውድ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። መጋቢት ላይ ቀን 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳል፣ ክብደቱ ከባሕር ጠለል አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ክንፉም፣ ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም የሚሠሩት በዚያ በሳሳ አየር ነው። አውሮፕላኑ የሚሰማው ከ3,100 ሜትር በላይ እንዳለ ሆኖ ነው፣ ከእንጦጦ አናት ብዙም ሳይርቅ ለመነሳት እንደሚሞክር ማለት ነው። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ሽቅብ መውጣቱ ይዘገያል። ስለዚህ ነዳጅ ስጨምር ሻንጣ ወይም ሰው እቀንሳለሁ።

እዚህ ላይ ነው ግፊቱ የሚመጣው። ደንበኛው ስልክ ይደውላል። "ስምንት ሰዓት ላይ ብንነሳስ? ስብሰባ አለን። ደግሞ ሁላችንም ከነሻንጣችን መሄድ አለብን።" በአክብሮት ነው የምመልሰው። "ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስምንት ሰዓት አልችልም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ላስነሳዎ እችላለሁ፣ ካልሆነ ለነገ ጠዋት ላስይዝልዎ።" የሚቆጡ አሉ። ቡሄ ካለፈ በኋላ ደግሞ "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባል የለ?" ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። አባባሉን እወደዋለሁ። ግን ከነሐሴ 13 በኋላም እስከ መስከረም ድረስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ አይለቅም፤ እንዲያውም ጠዋቱ ጥርት ስለሚል ፀሐይዋ መሬቱን በደንብ ታሞቀዋለች። ዳመናው ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን ቀላል አይደለም። በልግ ላይም፣ መጋቢትና ሚያዝያ፣ እንዲሁ ነው።

ተሳፋሪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቦሌ ላይ ፀሐይ እየወጣ "አየሩ አልተመቸም" ስትባሉ ሰው አይጩህባችሁ ብላችሁ ዝም በሉ አልላችሁም፣ ጠይቁ። "መድረሻው ላይ ነው ወይስ መንገዱ ላይ? አማራጩ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሠራተኛ ይመልስላችኋል። ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ከሦስት ሰዓት በኋላ በምትደርሱበት ሰማይ ላይ ነው።

ለእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ። መስመር ያለው ተራ ደብተር ገዝታ አራት ዓምድ አስምራለች። አንደኛው ላይ ጠዋት ያገኘችውን የቦሌ ታፍ ቃል በቃል ትገለብጣለች፣ ሰዓቱን ሦስት ቀንሳ። ሁለተኛው ላይ እንጦጦ እስከ የት እንደታየ ትጽፋለች። ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ የተሰማበትን ሰዓት። አራተኛው ላይ ማታ ሜታሮቹን አይታ በእርግጥ ምን እንደሆነ። አንድ ክረምት ይህን ከሠራች ታፉ የቱ ላይ እንደሚቸኩል፣ የቱ ላይ እንደሚዘገይ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ትናንት ደውላ "ጋሼ፣ ቦሌን ብቻ ነው የምጽፈው?" አለችኝ። የለም አልኳት፣ ድሬዳዋንም ጨምሪ። ነዳጅ የምትጭኚው ለእሷም ነው።